ልኩ በትክክል ያልታወቀ መዋቅር፡ ንዝረትን የመተንበይ ሙያ ታሪክ

ድልድይም ሆነ ሕንፃ፣ አውሮፕላንም ሆነ መኪና፣ የሰው እጅ የሠራው ማንኛውም መዋቅር ነፋስ ሲገፋው፣ ሞተር ሲያንቀጠቅጠው ወይም ኃይለኛ ድምፅ ሲያርፍበት ይርገበገባል። ምን ያህል እንደሚርገበገብ የሚወስኑት በዋናነት ሦስት ባሕርያት ናቸው፤ እነርሱም መጠነ ቁሱ፣ ለመታጠፍ ያለው እምቢታ ማለትም ግትርነቱ፣ እንዲሁም መሐንዲሶች ዳምፒንግ የሚሉት፣ የንዝረቱን ኢነርጂ ወደ ሙቀት እየለወጠ ንዝረቱን ቀስ በቀስ የሚያረግበው ባሕርይ ናቸው። ሦስቱም በመዋቅሩ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ በትክክል ቢታወቁ ኖሮ የቀረው ስሌት ብቻ በሆነ ነበር። ሆኖም ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ንድፍ፣ በተከታታይ የወጡ ሁለት መኪኖች እንኳ የላሜራቸው ውፍረት፣ የብየዳቸው ጥንካሬና የቡሎኖቻቸው መጥበቅ እኩል ስለማይሆን፣ ንድፉን ይዞ የተሠራ ስሌት ለሁለቱም አንድ መልስ ሲሰጥ ሁለቱ መኪኖች ግን በየራሳቸው መንገድ ይርገበገባሉ። የንዝረት ትንበያ ሙያ ይህን ክፍተት እንደ ሥራው ዋና ጉዳይ የተቀበለው ዘግይቶ ነው፤ ከተቀበለው በኋላ የደረሰበት ውጤት፣ ማለትም ስለ መዋቅሩ ያለው ዕውቀት እጅግ ሲያንስ ትንበያው ሊቀልል እንደሚችል መገንዘቡ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ምህንድስና ውስጥ ከታዩት ድንቅ የአስተሳሰብ ለውጦች ሊቆጠር ይገባዋል።

ዘርፉ የተመሠረተው ሁሉም ነገር በትክክል ይታወቃል በሚል መንፈስ ነበር። ጀርመናዊው ኧርነስት ክላድኒ እ.ኤ.አ. በ1787 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት ሳህን ጠርዙ በቫዮሊን ደጋን ሲታሽ አሸዋው በማይንቀሳቀሱት መስመሮች ላይ እየተጠራቀመ መልክ ያለው ሥዕል እንደሚሠራ አሳየ። ይህን ክስተት የሚያስረዳ ሒሳብ እንዲቀርብ በፓሪስ በወጣው ውድድር ፈረንሳዊቷ ሶፊ ዠርማን እ.ኤ.አ. በ1816 ተሸለመች፤ የጠርዙን ሁኔታ በሚመለከት የቀረውን ጉድለት ደግሞ ጉስታፍ ኪርኾፍ በ1850 አረመው። እነዚህንና ሌሎች ውጤቶችን ወደ አንድ አካል ያመጣቸው እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1877 እና በ1878 በሁለት ቅጽ የታተመውን የድምፅ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉን መጻፍ የጀመረው በ1872 ማብቂያ ላይ ከጽኑ ሕመም ለማገገም በግብፅ በዓባይ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲጓዝ ነበር።

ሬይሊ ባዋቀረው ትምህርት መሠረት እያንዳንዱ መዋቅር ተፈጥሯዊ ድግግሞሾች አሉት፤ ድግግሞሽ ማለት ንዝረቱ በአንድ ሴኮንድ የሚመላለስበት ብዛት ሲሆን የሚለካውም በኸርዝ ነው። ከእያንዳንዱ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ጋር ሞድ የሚባል የራሱ የንዝረት ቅርጽ አብሮ ይሄዳል፤ ከውጭ የሚመጣው ጫና ከነዚህ ድግግሞሾች ከአንዱ ጋር ሲገጥም ንዝረቱ ይበረታል፣ ይህም ሬዞናንስ ይባላል። ሬይሊ ለኋለኞቹ መሐንዲሶች ካተረፈላቸው ሁሉ ምናልባት እጅግ ጠቃሚው፣ የሞዱን ቅርጽ በመገመት ረገድ የሚፈጸም ትንሽ ስሕተት በድግግሞሹ ላይ የሚያመጣው ስሕተት ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነሰ መሆኑን ያሳየበት መርሕ ነው፤ የቅርጹ ስሕተት አንድ አሥረኛ ቢሆን የድግግሞሹ ስሕተት በአንድ መቶኛ ደረጃ ላይ ይቀራል። ድልድይና ግንብ የሚሠሩ ሰዎች ለረጅም ዘመን የመዋቅራቸውን ልክ ሳያጣሩ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ድግግሞሾች በደኅና ሁኔታ መገመት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ይኸው ምቾት ግን ከፍ ባሉት ድግግሞሾች ዘንድ የሚጠብቀውን ችግር ለብዙ ዓመታት ሸፍኖት ኖረ።

የችግሩ ምንነት በአንድ ምሳሌ ሊታይ ይችላል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፋትና 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ ቢወሰድ፣ ተፈጥሯዊ ድግግሞሾቹ በአማካይ በየ3 ኸርዙ አንድ እየሆኑ ይደረደራሉ፤ ይህ አማካይ ርቀት ደግሞ ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር አይሰፋም። የላሜራው ውፍረት ከታሰበው በ1 በመቶ ቢበልጥ ድግግሞሾቹ ሁሉ በ1 በመቶ ከፍ ይላሉ። በ100 ኸርዝ አካባቢ ይህ የ1 ኸርዝ ሽግሽግ በመሆኑ እያንዳንዱ ሞድ ከጎረቤቱ ሳይምታታ ይለያል፤ በ1000 ኸርዝ አካባቢ ግን ሽግሽጉ 10 ኸርዝ ስለሚደርስ ቀድሞ በስፍራው የነበረው ሞድ ከሦስት ጎረቤቶቹ ቦታ በላይ ርቆ ይሄዳል፣ በእርሱም ፋንታ የተለየ ቅርጽ ያለው ሌላ ሞድ ይተካል። እውነተኛው ላሜራ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ በዙሪያውም ብየዳና ማጠናከሪያ ስላለው፣ ሞዶቹ የሚሸጋሸጉት እኩል ሳይሆን እየተዘበራረቁ ነው። ስለዚህ በ1000 ኸርዝ ላይ ላሜራው በአንድ ነጥብ ምን ያህል ይርገበገባል የሚለው ጥያቄ፣ ጠያቂው የያዘው ልክ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የሚሳሳት ከሆነ፣ ከጅምሩ አንድ ቁርጥ መልስ የለውም።

ከዚህ ዓይነቱ ውስብስብነት መውጫ መንገድ አስቀድሞ የተገኘው በመዋቅር ሳይሆን በአዳራሽ ውስጥ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1895 ፎግ በሚባለው ሙዚየሙ የሚገኘው የንግግር አዳራሽ ድምፅ እያስተጋባ ተናጋሪውን ለመስማት አዳጋች ስለሆነበት፣ መፍትሔ እንዲፈልግ ዋላስ ሳቢን የተባለውን ወጣት የፊዚክስ መምህር መደበው። ሳቢን ከረዳቶቹ ጋር በመሆን ከተማው ጸጥ በሚልበት ሌሊት ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስመጣ በባዶው አዳራሽ ደረደረ፤ በሴኮንድ 512 ጊዜ የሚርገበገብ የኦርጋን ቧንቧ ነፍቶ ዝም ካሰኘው በኋላ ድምፁ ለጆሮ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ ለካ፣ ትራሱን እየጨመረም መለካቱን ደጋገመ፣ ከመንጋቱም በፊት ትራሱ ወደነበረበት ተመለሰ። በዚህ አድካሚ ሥራ የደረሰበት ሕግ እጅግ ቀላል ነው፤ ድምፁ የሚቆይበት ጊዜ ከአዳራሹ ይዘት ጋር አብሮ ይጨምራል፣ ድምፅን ከሚመጠው ነገር ጠቅላላ መጠን ጋር ደግሞ በተቃራኒው ይቀንሳል። ሳቢን የእያንዳንዱን ማሚቶ መንገድ አልተከተለም፤ በአዳራሹ ያለውን የድምፅ ኢነርጂ በጥቅሉ ወስዶ ምን ያህል እንደሚገባና ምን ያህል እንደሚጠፋ ብቻ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ የተነደፈው በዚሁ ሕግ እየታገዘ ነው።

መዋቅሮችን በሚመለከት ግን ዕድልና አማካይ መጀመሪያ የገቡት በጫናው በኩል ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥን የሚያጠኑት ሰዎች አስቀድመው ጀመሩ፤ ሞሪስ ቢዮ በ1930ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ አንድ መንቀጥቀጥ የተለያየ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ባላቸው ቀላል መዋቅሮች ላይ የሚያደርሰውን ከፍተኛ ንዝረት በአንድ ኩርባ የሚያሳየውን፣ ምላሽ ስፔክትረም የተባለውን ዘዴ ሲያፈልቅ፣ ጆርጅ ሃውስነር ደግሞ በ1947 የመሬት መንቀጥቀጥን በዘፈቀደ ጊዜ እንደሚደርሱ የብዙ ትንንሽ ምቶች ድምር አድርጎ ገለጸው። ይኸው የምላሽ ስፔክትረም ዘዴ ከጊዜ በኋላ በየአገሩ ደንብ ውስጥ ገብቶ፣ ስምጥ ሸለቆ ለሚያቋርጣት ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የሕንፃ ደንብ ስምንተኛ ክፍል የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌት መሠረት ሆኗል። በሌላ በኩል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው የጄት ሞተር ድምፁ መልክ የሌለው ጩኸት ስለነበረ የአውሮፕላን ላሜራ በድካም እንዲሰነጠቅ አደረገ፤ ጆን ማይልስ እ.ኤ.አ. በ1954 በዘፈቀደ ጫና ሥር ስለሚደርስ ድካም ጻፈ፣ ስቲቨን ክራንደል ደግሞ በ1958 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስለ ዘፈቀደ ንዝረት በክረምት ኮርስ አስተማረ። በነዚህ ሥራዎች ሁሉ ግን በዘፈቀደ የሚመጣው ጫናው ብቻ ነው፤ መዋቅሩ ራሱ አሁንም በትክክል እንደሚታወቅ ተቆጥሯል።

መዋቅሩንም ወደ ዕድል ዓለም ያስገባው እርምጃ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በዚያ ዓመት ሪቻርድ ላዮን እና ፕሬስተን ስሚዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ለየብቻቸው ሁለት ስሌቶችን ሠሩ። ላዮን በደካማ ግንኙነት የተያያዙ ሁለት ነዛሪዎች በየራሳቸው የዘፈቀደ ጫና ቢነዱ፣ በመካከላቸው የሚያልፈው ኃይል በኢነርጂያቸው ልዩነት ልክ እንደሚሆንና ዘወትር ኢነርጂው ከበዛበት ወደ አነሰበት እንደሚፈስ አሳየ፤ ይህም ሙቀት ከሞቀው አካል ወደ ቀዘቀዘው የሚሄድበት ሕግ ነው። ስሚዝ በበኩሉ በየአቅጣጫው በሚመላለስ ድምፅ ውስጥ የተቀመጠ ነዛሪ፣ ወደ አየሩ መልሶ የሚያሰማው ድምፅ በውስጡ ከሚያጠፋው ኢነርጂ ሲበልጥ፣ ንዝረቱ ከአንድ ወሰን እንደማያልፍና ወሰኑም በዳምፒንጉ ልክ ላይ እንደማይመሠረት አገኘ። ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ የስሚዝ ወሰን የተገኘው ነዛሪውና የድምፁ ዓለም በኢነርጂ ስለተካከሉ ነው፣ እኩል ከሆኑ በኋላም የሚፈስ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ላዮን ከጊዴዎን ማይዳኒክ ጋር ያሳተመው ጽሑፍ ሐሳቡን ከሁለት ነዛሪዎች ወደ ብዙ ሞድ ያላቸው መዋቅሮች አሰፋው፤ ስታቲስቲካዊ የኢነርጂ ትንተና በሚል ስም የሚታወቀው ዘዴም ከዚህ ተወለደ።

ዘዴው የተወለደበት ዘመን የጠፈር ሮኬቶች ዘመን መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። ሮኬት ሲነሣ የሞተሮቹ ጩኸት በመላ አካሉ ላይ ያርፋል፣ በውስጡ ያሉት ስስ መሣሪያዎችም ያንን ንዝረት መቋቋም አለባቸው። በዚያ ጊዜ በተሠራ ግምት መሠረት ሳተርን የተባለው ሮኬት ከ0 እስከ 2000 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ 500,000 የሚያህሉ ተፈጥሯዊ ድግግሞሾች ነበሩት። የዘመኑ ኮምፒውተር ከነዚህ ጥቂቶቹን ብቻ ማስላት ይችል ነበር፤ ሁሉንም ማስላት ቢችልም ኖሮ በላሜራው ምሳሌ እንደታየው ውጤቱ የሚገልጸው በወረቀት ላይ ያለውን ሮኬት እንጂ በማስወንጨፊያው ላይ የቆመውን አይሆንም ነበር። አዲሱ ዘዴ ግን ሮኬቱን ወደ ጥቂት ክፍሎች ይከፍለዋል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚጠይቀው በተወሰነ የድግግሞሽ ክልል ውስጥ ስንት ሞድ እንዳለው፣ ኢነርጂን በምን ፍጥነት እንደሚያጠፋ፣ ለጎረቤቱ ክፍል ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የገቢና የወጪ ሚዛን ነው፤ አሥር ክፍሎች ካሉ አሥር ቀላል እኩልታዎች ይወጣሉ፣ መልሱም የእያንዳንዱ ክፍል አማካይ ኢነርጂ ይሆናል። ላዮን እ.ኤ.አ. በ1975 ዘዴውን በመጽሐፍ አቀረበው፤ ከጠፈር መሣሪያዎች አልፎም ወደ መርከብ፣ ወደ መኪናና ወደ ሕንፃ ድምፅ ተዛመተ።

አማካይ ግን የራሱ ድካም አለው። የአንድ ሺህ መኪኖች አማካይ ጫጫታ መታወቁ፣ ከሺው አንዷን ለገዛው ሰው የእርሱ መኪና ከአማካዩ ምን ያህል እንደምትርቅ አይነግረውም፤ ዘዴው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ስለ ርቀቱ አስተማማኝ መልስ አልነበረውም። የልዩነቱ ስፋት በግልጽ የታየው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮምፔላ እና በርንሃርድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከአንድ የመገጣጠሚያ መሥመር የወጡ ወደ መቶ የሚጠጉ ኢሱዙ ሮዲዮ መኪኖችን ወስደው፣ በጎማው በኩል በመዶሻ እየመቱ በመኪናው ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ በማይክሮፎን ለኩ። በንድፍ አንድ ዓይነት የሆኑት መኪኖች በአንዳንድ ድግግሞሾች ከ10 ዴሲቤል በላይ ተለያዩ፤ 10 ዴሲቤል ማለት የድምፁ ኢነርጂ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ለአንድ መኪና በጥንቃቄ የተሠራ ስሌት ከአንድ መኪና ልኬት ጋር ባለመግጠሙ ስሌቱን ይወቅሱ የነበሩ ሰዎች፣ ሁለት መኪኖችም እርስ በርሳቸው እንደማይገጥሙ ከዚህ በኋላ መካድ አልቻሉም።

በዚህ መሀል ሌላው ጎራ፣ መዋቅሩን በትንንሽ ቁራጮች እየከፈለ በኮምፒውተር የሚያሰላው፣ በራሱ መንገድ ሄዷል። ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲን እና ቶፕ ለአውሮፕላን መዋቅር እ.ኤ.አ. በ1956 ያቀረቡት፣ ክላፍም በ1960 ፋይናይት ኤለመንት የሚል ስም ያወጣለት ዘዴ፣ ለዝቅተኛዎቹ ድግግሞሾች ያለ ተፎካካሪ ገዛ። ያልታወቀውን ነገር በዚህ ዘዴ ውስጥ ለማስገባት የቀረበው ቀጥተኛ ሐሳብ ውፍረትን፣ ግትርነትንና የመሳሰሉትን እንደ ዘፈቀደ ቁጥሮች መቁጠር ነበር፤ ኮሊንስ እና ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1969 በዚህ መንገድ የድግግሞሾችን ስርጭት መረመሩ፣ ጋኔም እና ስፓኖስ ደግሞ በ1991 በመጽሐፍ መልክ ሰፊ ሥርዓት አበጁለት። ሒሳቡ የረቀቀ ነው፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ብየዳና የእያንዳንዱን ላሜራ ስርጭት አስቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል፤ በገሃዱ ዓለም ይህን መረጃ ሰብስቦ የያዘ ፋብሪካ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ብዙ ጊዜ በዚህ ዘዴ የሚሰላው ያልታወቀው ነገር ሳይሆን ስለ ያልታወቀው የተገመተው ነው።

አለመመሳሰል መልስን ከማደብዘዝ አልፎ አደጋ የሚሆንበትም ቦታ አለ። የጄት ሞተር ተርባይን በዙሪያው ብዙ ክንፎች አሉት፤ ሁሉም ፍጹም አንድ ዓይነት ቢሆኑ የንዝረቱን ሸክም እኩል በተካፈሉት ነበር። በጥቂቱ ሲለያዩ ግን የንዝረቱ ኢነርጂ በአንዲት ክንፍ ላይ ሊከማች ይችላል። እንግሊዛዊው ዋይትሄድ እ.ኤ.አ. በ1966 የዚህን ክምችት ከፍተኛ ወሰን አሰላ፤ በክንፎቹ ቁጥር ካሬ ሥር ላይ 1 ተደምሮ ለ2 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። 49 ክንፎች ላሉት ተርባይን ይህ 4 ይሆናል፤ ያም ማለት በሠራተኛ ዓይን ሊለዩ የማይችሉ የልክ ልዩነቶች የአንዲቱን ክንፍ ንዝረት ከታሰበው እስከ አራት እጥፍ ሊያደርሱት ይችላሉ። የፊዚክስ ሊቁ ፊሊፕ አንደርሰን ሥርዓት በጎደላቸው ቁሶች ውስጥ ኤሌክትሮኖች በአንድ ቦታ ታስረው እንደሚቀሩ እ.ኤ.አ. በ1958 አሳይቶ ነበርና፣ ሆጅስ በ1982 ይኸው መታሰር በመዋቅር ንዝረትም ላይ እንደሚደርስ አመለከተ።

አንድ መዋቅር ከአማካዩ ምን ያህል ይርቃል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የመጣው ከኒውክሌር ፊዚክስ በኩል ነው። ዩጂን ዊግነር በ1950ዎቹ የከባድ አቶሞችን እምብርት የኢነርጂ ደረጃዎች አንድ በአንድ ማስላት ስላልተቻለ፣ በዘፈቀደ ቁጥሮች የተሞላ ሰንጠረዥ ማለትም ማትሪክስ ወስዶ፣ የኢነርጂ ደረጃዎቹን የሚወክሉት የማትሪክሱ ውስጣዊ እሴቶች የሚራራቁበትን ስርጭት መረመረ፤ ጎረቤታማ ደረጃዎች እጅግ መቀራረብን እንደሚሸሹም ተመለከተ። ሪቻርድ ዊቨር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ሥራ ይህንኑ ስርጭት በአሉሚኒየም ጡቦች ተፈጥሯዊ ድግግሞሾች መካከል አገኘው። የአቶም እምብርትና የአሉሚኒየም ጡብ የሚጋሩት ነገር ቢኖር ዝርዝራቸው ከመታወቅ በላይ መወሳሰቡ ነው፤ ውስብስብነቱ ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ ደግሞ የልዩነቱ ምንጭ ውፍረት ይሁን ብየዳ፣ ሙቀት ይሁን እርጅና፣ የድግግሞሾቹ ስርጭት አንድ ዓይነት ይሆናል። በዚህ መሠረት ላይ የኬምብሪጁ ሮቢን ላንግሊ እና ቪንሰንት ኮቶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ለስታቲስቲካዊ የኢነርጂ ትንተና የጎደለውን ሰጡት፤ አማካዩን ብቻ ሳይሆን በአማካዩ ዙሪያ ያለውን ስርጭት፣ የላሜራ ውፍረት ስርጭት ሳይጠየቅ፣ በሞዶቹ ጥግግት፣ በዳምፒንጉና በጫናው ዓይነት ብቻ ማስላት ተቻለ። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ስዋዝ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ የዘፈቀደ ማትሪክስን በቀጥታ ወደ ፋይናይት ኤለመንት ዘዴ አስገብቶ፣ በሞዴሉ ልኮች ላይ ካለው ጥርጣሬ ባሻገር በሞዴሉ በራሱ ላይ ያለውን ጥርጣሬ የሚያካትት ስሌት አቀረበ።

የቀረው በመካከል ያለው ክልል ነበር። አንድ መኪና ወይም ሳተላይት በውስጡ ሁለቱንም ዓይነት አካል ይይዛል፤ ወፍራም ፍሬሙ ጥቂት ሞዶች ብቻ ስላሉት በትክክል ይሰላል፣ በፍሬሙ ላይ የተበየደው ስስ ላሜራ ግን በዚያው ድግግሞሽ በመቶ የሚቆጠሩ ሞዶች ሊኖሩት ስለሚችል በስታቲስቲክስ እንጂ በሌላ አይያዝም። ፊል ሾርተር እና ላንግሊ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥምር ዘዴ ፍሬሙን በፋይናይት ኤለመንት፣ ላሜራውን በኢነርጂ ሚዛን እያሰላ ሁለቱን በአንድ እኩልታ ያገናኛል፤ ላሜራው ፍሬሙን የሚገፋበት የዘፈቀደ ኃይል መጠን በላሜራው ውስጥ ካለው ኢነርጂ ጋር ቀጥተኛ ዝምድና እንዳለው መታየቱ ማገናኛውን አስገኘ። ዘዴው ዛሬ በሮኬት፣ በአውሮፕላንና በመኪና ኢንዱስትሪ ውስጥ በሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች ውስጥ ይገኛል።

እነዚህ ሁሉ ዘዴዎች አንድ ቁጥር ከውጭ እንዲሰጣቸው ይፈልጋሉ፤ እርሱም ዳምፒንግ ነው። መጠነ ቁስና ግትርነት ከንድፍ ሊሰሉ ሲችሉ፣ ኢነርጂ የሚጠፋው አብዛኛውን በቡሎንና በብየዳ መገጣጠሚያዎች፣ በላሜራው ላይ በተለጠፈው ምንጣፍና በጎማ መደገፊያዎች ውስጥ ስለሆነ ዳምፒንግን አስቀድሞ ከንድፍ ማውጣት አስቸጋሪ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ይለካል። ክፍሉ በመዶሻ ይመታና ንዝረቱ 60 ዴሲቤል እስኪወርድ የሚወስደው ጊዜ ይያዛል፤ 2.2 በድግግሞሹና በዚህ ጊዜ ብዜት ሲካፈል የዳምፒንጉ ልክ ይገኛል። በ1000 ኸርዝ ላይ ጊዜው 0.22 ሴኮንድ ከሆነ ልኩ 0.01 ነው፤ ወደ ስሌቱ የሚገባውም ይኸው በልኬት የተገኘ ቁጥር ነው።